ፎርማችሁ ጥግ ላይ እየተኮራመተ ላስቸገራችሁ፦ የቲኪንተር ግሪድ በሮውና በኮለም

አቦ ሰላም ናችሁ? ባለፈው ሰሞን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ላለው አንድ ዘመዴ ትንሽዬ የሽያጭ መመዝገቢያ ሰርቼለት ነበር፣ ፓይተን ነው፣ በቲኪንተር፣ ማለትም ፓይተን ዊንዶውና በተን በሚሰራበት ላይብረሪ፣ ምንም የሚከብድ ነገር የለውም፣ የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ የዕቃ ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ከታች ማስታወሻ መጻፊያና ሁለት በተን። እኔ ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ቆንጆ ነበር። ሱቁ ወስጄ ከፈትኩለት፣ የሱ ስክሪን ደግሞ ትልቅ ነው፣ ገና ከመከፈቱ ከላይ ያቺን ካሬ ተጫናትና ሙሉ ስክሪን አደረገው፣ ፎርሙ ሄዶ ግራ ጥግ ላይ ተኮራመተ፣ ሌላው በሙሉ ባዶ ግራጫ። "አንተ፣ ይሄ ነገር በርዶታል እንዴ?" አለኝ። በድሬ ሙቀት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ።

በረደው ያለው ነገር መልሱ ሁለት መስመር ኮድ ነው፣ ግን ሁለቱ መስመሮች ለምን እንደሚሰሩ ካልገባችሁ ሌላ ቦታ ላይ መልሶ ይመጣባችኋል፣ ስለዚህ ከስሩ እንጀምር።

ኮዱን ሁሉንም በኛው ፊደል ነው የምጽፈው፣ አፍ ላይ እንደምንጠራው፣ እናንተ ኤዲተር ላይ ስትጽፉ የትዕዛዝ ቃላቱን ማለትም ግሪድ፣ ሮው፣ ኮለም፣ ስቲኪ፣ ዌይት የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ ፊደል መልሷቸው። የቫሪያብል ስም ግን በአማርኛ ቢሆንም ፓይተን 3 ይቀበላል፣ ስም_ሳጥን ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አይላችሁም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ቲኪንተር ዊንዶውስ ላይ ከፓይተን ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ግን ለብቻው መጫን አለበት፣ ፓኬጁ ፓይተን3 ሰረዝ ቲኬ ነው የሚባለው።

ቲኪንተር ዕቃዎቹን ዊንዶው ላይ የሚያስቀምጥባቸው ሦስት መንገዶች አሉት፣ ፕሌስ፣ ፓክና ግሪድ። መጀመሪያ ስለ ፕሌስ። ጀማሪ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም "ይቺን በተን ከግራ 120 ፒክስል ከላይ 80 ፒክስል ላይ አስቀምጥ" ትሉታላችሁ፣ እሱም ያስቀምጣል፣ በቃ። እኔም እንደዛ ነበር የምሰራው። ችግሩ የሚመጣው ፕሮግራሙ ከናንተ ኮምፒውተር የወጣ ቀን ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው በኒያላ ፎንት ይታያል ሌላው ላይ በኢብሪማ፣ የሁለቱ ስፋት አንድ አይደለም፣ ፊደሉ ሲያድግ እናንተ የጻፋችሁት 120 ፒክስል አያድግም፣ ከዛ ሌብሉ ሳጥኑ ላይ ይወጣበታል። ድሬ ላይ ደግሞ ቋንቋ አለ። "ስልክ" ሦስት ፊደል ናት፣ ኦሮምኛ አድርጉልኝ ሲሏችሁ "ላኮፍሳ ቢልቢላ" ትሆናለች፣ ሶማሊኛ ሲሉ "ላምበርካ ቴሌፎንካ"። ለሦስት ቋንቋ ሦስት ጊዜ ፒክስል ልትቆጥሩ ነው? አይሆንም።

ግሪድ ላይ ፒክስል አትናገሩም፣ የምትናገሩት ስንተኛ ሮው ስንተኛ ኮለም የሚለውን ብቻ ነው፣ ስፋቱን እሱ ራሱ ያሰላዋል። ህጉም አንድ ነው፦ ኮለሙ ውስጥ ካሉት ዊጄቶች (ሌብሉም ሳጥኑም በተኑም ዊጄት ነው የሚባለው) በጣም ሰፊው የኮለሙን ስፋት ይወስናል፣ ሮው ውስጥ ካሉት ረጅሙ የሮውን ቁመት። "ላኮፍሳ ቢልቢላ" ስትገባ ኮለሙ በሷ ልክ ይሰፋል፣ ሳጥኖቹ በሙሉ አብረው ወደ ቀኝ ይገፋሉ፣ እናንተ ምንም አልነካችሁም።

ከዚራን አስቡት። ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ድሬ ከደረሰ በኋላ በመስመር የተቀየሰ ሰፈር ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መንገድ መንገድን እየቆረጠ የሚሄድ፣ ሰው ሲጠይቃችሁ "ሦስተኛው መንገድ፣ ሁለተኛው ማዕዘን" ብላችሁ ትልካላችሁ፣ ያገኘዋል። ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ግን "ከሰውዬው ሱቅ አርባ እርምጃ ሄደህ ወደ ግራ" ነው፣ ሰውዬው ሱቁን የዘጋ ቀን መንገዱም ጠፋ። መጋላን እወደዋለሁ፣ ምሳዬም እዛ ነው፣ ግን ፎርም ሲሆን ከዚራን ነው የምፈልገው።

ሮው ወደ ጎን የሚሄደው መደዳ ነው፣ ኮለም ከላይ ወደ ታች የሚወርደው። ቆጠራው ከ0 ነው የሚጀምረው ከ1 አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መደዳዎች እንዲህ ናቸው፦

ስም_ሌብል.ግሪድ(ሮው=0, ኮለም=0, ስቲኪ=ኢ)
ስም_ሳጥን.ግሪድ(ሮው=0, ኮለም=1, ስቲኪ=ኢ+ደብልዩ)
ስልክ_ሌብል.ግሪድ(ሮው=1, ኮለም=0, ስቲኪ=ኢ)
ስልክ_ሳጥን.ግሪድ(ሮው=1, ኮለም=1, ስቲኪ=ኢ+ደብልዩ)

እያለ ይቀጥላል። አምስት መደዳ ከሆነ በእጅ ከመጻፍ የሌብሎቹን ስም ሊስት ውስጥ አድርጋችሁ በፎር ሉፕ ከኢኑመሬት ጋር ብታዞሩት ይሻላል፣ ቁጥሩን ሉፑ ይሰጣችኋል፣ መሀል ላይ አንድ መደዳ ጨምርልኝ ሲሏችሁም ሊስቱ ውስጥ አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነው። በእጅ ለሚጽፍ ሰው አንድ የሰነፍ ዘዴ አለችኝ፣ ሮውን 0፣ 1፣ 2 ከማለት 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ ቁጠሩ፣ መሀል ላይ 15 ማስገባት ትችላላችሁ። ባዶ የሆነ ሮው ቁመቱ ዜሮ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም ክፍተት አይታይም። ይሄው ነገር የሚያናድደው ሰውም አለ፣ "ክፍተት ይሁን ብዬ ሮው 3ን ዘልዬ 4 ላይ አስቀመጥኩት ግን ተጣብቆ መጣ" የሚል፣ አዎ ይጣበቃል፣ ክፍተት ስትፈልጉ ፓድዋይ ስጡት፣ ወይ ለባዶው ሮው ሚንሳይዝ፣ ማለትም ከዚህ አትነስ የሚል ልክ፣ አውጁለት።

ስቲኪ ላይ የጻፍኳቸው ፊደሎች አቅጣጫ ናቸው፣ ኤን ሰሜን፣ ኤስ ደቡብ፣ ኢ ምስራቅ፣ ደብልዩ ምዕራብ። አንድ ዊጄት ከተሰጠው ክፍል ካነሰ መሀል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ስቲኪ=ኢ ስትሉት ወደ ቀኝ ግድግዳ ይጠጋል፣ ለዛ ነው ሌብሎቹን ኢ ያልኳቸው፣ አጭሩም ረጅሙም ከሳጥኑ ጎን ተጠግቶ እንዲቆም። ኢ+ደብልዩ ስትሉት ግን ከሁለቱም ግድግዳ ጋር ተጣበቅ ማለታችሁ ነው፣ መጣበቅ የሚችለው ደግሞ ሲለጠጥ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ይለጠጣል። አራቱንም ከሰጣችሁት ክፍሉን ሙሉ ይሞላል።

አሁን ወደ ዘመዴ ሱቅ እንመለስ። ስቲኪ=ኢ+ደብልዩ ብዬ ነበር እኮ፣ ታዲያ ለምን አልተለጠጠም? ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የበርጫ ክፍል አስቡ፣ ምንጣፍ አንጥፋችኋል። ግድግዳውን ገፍታችሁ ክፍሉን ብታሰፉት ምንጣፉ አብሮ አይሰፋም፣ ምንጣፉን ብትስቡት ደግሞ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ስቲኪ ምንጣፉን ነው የሚስበው፣ ግድግዳውን የሚገፋው ዌይት ነው። እኔ ምንጣፉን ስቤ ግድግዳውን ረስቻለሁ። ዌይት ካልነገራችሁት ዜሮ ነው፣ ዜሮ ማለት "ትርፍ ቦታ ቢመጣም ለኔ አትስጡኝ" ማለት ነው፣ ሁሉም ኮለም እንደዛ ካለ ትርፉን የሚወስድ የለም፣ ፎርሙ ግራ ጥግ ላይ ኩርምት። መፍትሄው፦

ፎርም.ኮለምኮንፊገር(1, ዌይት=1)

ሳጥኖቹ ያሉበት ኮለም 1 ትርፉን ይውሰድ፣ ሌብሎቹ ያሉበት ኮለም 0 ግን ባለበት ይቅር ነው፣ ሌብል ሰፍቶ ምን ይሰራል። ማስታወሻው ወደ ታችም እንዲያድግ ሮውኮንፊገር ብላችሁ ለሱ ሮው ዌይት=1 ትሰጣላችሁ።

ሁለቱን ጨምሬ ከፈትኩት፣ አሁንም ኩርምት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳፈጥበት ነበር። ለካ ሌብልና ሳጥኖቹ ያሉት ፎርም የሚባል ፍሬም ውስጥ ነው (ፍሬም ሌሎች ዊጄቶችን የሚይዝ ዊጄት ነው)፣ ፍሬሙ ደግሞ ራሱ ዋናው ዊንዶው ውስጥ በግሪድ የተቀመጠ ነው፣ ለፍሬሙ ውስጥ ዌይት ሰጥቻለሁ ለዊንዶው ግን አልሰጠሁም። ዋናው ቧንቧ ተዘግቶ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍቶ መጠበቅ ማለት ነው። ዌይትና ስቲኪ በየደረጃው መሰጠት አለባቸው፣ ሩት ያልኩት ዋናውን ዊንዶው ነው፦

ሩት.ኮለምኮንፊገር(0, ዌይት=1)
ሩት.ሮውኮንፊገር(0, ዌይት=1)
ፎርም.ግሪድ(ሮው=0, ኮለም=0, ስቲኪ=ኤን+ኤስ+ኢ+ደብልዩ)

ፍሬም ውስጥ ፍሬም ውስጥ ፍሬም ካላችሁ ሦስቱም ጋ ነው። አንዱ ጋ ከረሳችሁ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይቆማል፣ ኤረርም አይሰጣችሁም፣ ዝም ነው የሚለው።

የዌይት ቁጥር ላይ አንድ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ዌይት የሚያካፍለው ትርፉን ብቻ ነው። ዊንዶው 300 ፒክስል ቢሰፋና አንዱ ኮለም ዌይት 1 ሌላው 2 ቢሆን አንዱ 100 ሌላው 200 ይጨምራል፣ ግን ከዛ በፊት የነበራቸው ስፋት እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ለሁለት ኮለም ዌይት=1 ዌይት=1 ስለሰጣችሁ እኩል ይሆናሉ ማለት አይደለም፣ እኩል ነው የሚጨምሩት እንጂ። እኩል እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ ዩኒፎርም የሚባል አለ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የቡድን ስም ትሰጣላችሁ፣ ስሙ ምንም ቢሆን ግድ የለውም፣ ዩኒፎርም="ሀ" ብላችሁ ከዌይት=1 ጋር፣ በቃ ሁሉም እኩል። ዊንዶው ሲጠብም በዌይት ነው የሚቀነሰው፣ ዌይት ያላቸው ናቸው የሚጠቡት።

ዩኒፎርም የሚያስፈልገው የቁጥር መምቻ ስትሰሩ ነው። ዘመዴ በማውስ ዋጋ የሚያስገባበት ቁጥር ፈለገ፣ ከ1 እስከ 9፣ ሦስት በሦስት። ዘጠኝ ጊዜ ግሪድ አትጻፉ። ሉፑን ከ0 እስከ 8 አዙሩት፣ ሮው ማለት ቁጥሩ ለ3 ሲካፈል የሚደርሰው ሙሉ ቁጥር፣ ኮለም ደግሞ ቀሪው። 7 ለ3 ሲካፈል 2 ደርሶ 1 ይቀራል፣ ስለዚህ ሮው 2 ኮለም 1፣ እዛ ላይ የምትታየው ቁጥር 8 ናት፣ ልክ ስልክ ላይ እንዳለው። ከግሪድ ውጪ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሉፑ ውስጥ ለበተኖቹ ላምዳ (እዛው የምትጻፍ ስም የለሽ ፈንክሽን) ስትሰጡ የሉፑን ቁጥር ላምዳው ውስጥ በቀጥታ ከጠራችሁት የትኛውንም ብትጫኑ የመጨረሻው ቁጥር ነው የሚወጣው፣ ላምዳ ቁጥር=ቁጥር ብላችሁ እዛው ያዙት። እኔ ይሄ ነገር አንድ ከሰዓት በልቶብኛል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በተኛበት ሰዓት።

ርዕስ ላይ እንምጣ። ከላይ "የዕለት ሽያጭ መመዝገቢያ" ብዬ በትልቅ ፊደል ሮው 0 ኮለም 0 ላይ አስቀመጥኩ፣ ሌሎቹን አንድ ሮው ወደ ታች ገፍቼ፣ ከዛ ሌብሎቹና ሳጥኖቹ መሀል ሰፊ ገደል ተፈጠረ። ህጉን አስታውሱ፣ ኮለሙን የሚወስነው ሰፊው ነው፣ ሰፊው አሁን ርዕሱ ሆነ፣ ኮለም 0 በሱ ልክ ተነፋ። ርዕሱን ኮለምስፓን=2 ስትሉት ሁለቱንም ኮለም ተሻግሮ ይተኛል፣ ገደሉ ይጠፋል። ወደ ታች ለመሻገር ሮውስፓን ነው። በተኖቹን ግን በስፓን አትታገሉ፣ ለሁለቱ በተን አንድ ትንሽ ፍሬም አብጁላቸውና እሱን ኮለምስፓን=2 አድርጉት፣ ውስጡ የራሱ ግሪድ ይኑረው። ሰው ሁሉን ነገር አንድ ትልቅ ግሪድ ውስጥ ሊከት ይፈልጋል፣ ከዛ ኮለምስፓን=7 ምናምን የሚል ኮድ ይመጣል፣ እንደዛ ያለ ኮድ ካያችሁ ፍሬም ጎድሎታል ማለት ነው።

ማስታወሻ የሚጻፍበት ቴክስት ዊጄት ሌላ ጣጣ አለበት፣ ምንም ካልነገራችሁት 80 ፊደል ስፋት በ24 መስመር ቁመት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ኮለሙን በጣጥሶት ዊንዶው ከስክሪን ይወጣል። ዊድዝ=20 ሃይት=4 ብላችሁ አሳንሱት፣ ስቲኪና ዌይት ያሳድጉታል። ስክሮልባሩን ከጎኑ በሚቀጥለው ኮለም ላይ ስቲኪ=ኤን+ኤስ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ለሱ ኮለም ዌይት አትስጡ፣ የሰፋ ስክሮልባር አስቀያሚ ነው።

ፓክና ግሪድን አንድ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ፓክ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ከላይ ወደ ታች ዝም ብሎ ለመደርደር ምቹ ነው፣ ግን አንድ ፍሬም ውስጥ ያሉ ልጆች ወይ ሁሉም በፓክ ወይ ሁሉም በግሪድ ናቸው። ድሮ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው እያነሳ ሲከራከሩ ፕሮግራሙ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር፣ ዊንዶውም አይከፈትም ኤረርም የለ። አሁን ያለው ቲኬ (ቲኪንተር ከስሩ የሚሰራበት) ደግነቱ ኤረር ይሰጣል፣ በፓክ የተያዘ ነገር ስላለ ግሪድ አይቻልም ይላችኋል። ህጉ የሚሰራው በአንድ ወላጅ ስር ላሉት ነው፣ ዋናው ዊንዶው ውስጥ ትልልቆቹን ፍሬሞች በፓክ ደርድራችሁ ውስጣቸውን በግሪድ ብትሰሩ ማንም አይጣላም፣ እኔም ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው የማደርገው።

ሌላዋ ክፉ ነገር ይቺ ናት፦

ስም_ሳጥን = ኤንትሪ(ፎርም).ግሪድ(ሮው=0, ኮለም=1)

በአንድ መስመር ያልቃል፣ ስክሪኑም ላይ ሳጥኑ ይታያል፣ ደስ ይላል። ከዛ ሴቭ ስትጫኑ ስም_ሳጥን "ነን" ነው፣ ማለትም ፓይተን ምንም የለም የሚልበት ባዶ ነገር፣ ጌት የሚባል ነገር የለውም ይላችኋል። ግሪድ የሚመልሰው "ነን" ነው፣ እናንተ ቫሪያብሉ ውስጥ ያስቀመጣችሁት የግሪድን መልስ እንጂ ሳጥኑን አይደለም። ሁለት መስመር አድርጉት፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ፍጠሩ፣ ቀጥላችሁ ግሪድ በሉት።

የተኮራመተው የቱ እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ ለየፍሬሙ የተለያየ ደማቅ ባክግራውንድ ከለር ስጡት፣ አንዱን ቀይ አንዱን ቢጫ አንዱን አረንጓዴ፣ ዊንዶውን እየጎተታችሁ እዩት፣ የማያድገው ከለር የቱ እንደሆነ ወዲያው ታዩታላችሁ። ቲቲኬ የሚባለው አዲሱ የቲኪንተር ዊጄት ስብስብ ውስጥ ያለው ፍሬም ባክግራውንድ በቀጥታ አይቀበልም፣ ለዚህ ስራ ተራውን ቲኬ ፍሬም ተጠቀሙ፣ ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ። ዊንዶው ከሚገባው በታች ጠቦ ሳጥኑ እንዳይጠፋ ደግሞ ሁሉንም ደርድራችሁ ስትጨርሱ አፕዴት አይድልታስክስ ጠርታችሁ ዊንዶው የሚፈልገውን ስፋትና ቁመት በዊንፎ ሬክዊድዝና በዊንፎ ሬክሃይት ተቀብላችሁ ለሩት ሚንሳይዝ ስጡት።

ዘመዴ ቅናሽ የሚባለው መደዳ ቅናሽ ላለው ደንበኛ ብቻ ይታይ አለ፣ ቼክቦክስ ሲጫን ይምጣ ሲነሳ ይጥፋ። ለዚህ ግሪድ ሪሙቭ አለ፣ ዊጄቱን ይደብቀዋል ግን ሮውና ኮለሙን፣ ስቲኪውን፣ ሁሉን ያስታውሳል፣ መልሳችሁ ባዶ ግሪድ() ስትሉ እዛው ቦታው ይመጣል። ግሪድ ፎርጌት የሚባለው ግን ሁሉን ይረሳል፣ ባዶ ግሪድ() ስትሉት ከሁሉም ነገር በታች ኮለም 0 ላይ ሄዶ ታገኙታላችሁ። ሌብሉንም ሳጥኑንም ሁለቱንም መደበቅ እንዳትረሱ፣ እኔ ሳጥኑን ብቻ ደብቄ "ቅናሽ" የሚለው ብቻውን ቀርቶ ደንበኛ አይቶት "ስንት ቀነስክልኝ?" ብሎ ተከራክሮታል አሉ።

ቲኪንተር ትታችሁ ሌላ የዊንዶው መስሪያ ላይብረሪ ከሄዳችሁ ነገሩ ያው ነው፣ ስሙ ነው የሚለየው፣ ኪውት ላይ ዌይትን ስትሬች ይሉታል፣ ጃቫ ግሪድባግ ላይ ዌይትኤክስና ዌይትዋይ፣ ስቲኪን ደግሞ ፊልና አንከር ብለው ለሁለት ከፍለውታል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኪውት ግሪድ ውስጥ ዊጄት ስትጨምሩ መጀመሪያ ሮው ቀጥሎ ኮለም ነው የምትሰጡት፣ ጂቲኬ ላይ አታች ስትሉ ግን መጀመሪያ ኮለም ነው ቀጥሎ ሮው፣ ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ያለው ቴብል ሌይአውት ፓነልም ኮለምን ነው የሚያስቀድመው። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮድ ስትገለብጡ ሌብሎቹ በሙሉ ከላይ በአንድ መደዳ ተሰልፈው ሳጥኖቹ ከስራቸው ከመጡ ሌላ ነገር አትፈልጉ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሯቸው።